ጥላ የተጨመረላት ላም

ስላይድ ማሳመር የሚሉት በሽታ ይዟችሁ ያውቃል? እኛን ጭሮ ከተማ ቢሯችን ድረስ መጥቶ ይዞናል። ድሮ ጽሑፋችንን አንብበን፣ ተጨብጭቦልን እንወርድ ነበር። ዛሬ ፊደሉ ካልተሽከረከረ፣ ሥዕሉ ከግድግዳ ወጥቶ ካልመጣ ሪፖርት አይባልም።

አለቃችን አቶ ታምራት፣ መቼም ክፉ ሰው አይደሉም፣ ስለ ሚኤሶ ድርቅ የሠራሁትን ስላይድ አይተው «ነፍስ የለውም፤ ሰው ሰው ይሽተት እንጂ!» አሉኝ። ስላይዱ በሚቀርብበት ስብሰባ ላይ የከብት መኖ የጫነው መኪና ወዴት እንደሚሄድ ይወሰናል። ካሜራዬን ይዤ ወደ ሚኤሶ ወረድኩ።

አርብቶ አደሩን ኦቦ አህመዶን እዚያ አገኘኋቸው። ከብቶቻቸው አልቀው አንዲት ላም ቀርታቸዋለች። በረሃብ የደከመ ከብት አንዴ ከተኛ በራሱ አይነሳም። ስለዚህ በየጠዋቱ ጎረቤት ተጠራርቶ ያነሳዋል፤ አንዱ በቀንድ፣ አንዱ በጅራት፣ የቀሩት እጃቸውን ከሆዱ ሥር አስገብተው። ላሚቱንም እንደ ምንም አቆሟት። ለቀቅ ካደረጓት ትወድቃለች። ደጋፊዎቹ ራሳቸው ደጋፊ የሚያሻቸው ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ጌጥ እንኳ አላየሁም። እንደደገፏት ፎቶ አነሳኋቸው።

አቶ ታምራት ሲያዩት እንባቸው መጣ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ነጠቁኝ። «ይሄ ሁሉ ሰው ላሟን ጋረዳት፤ ጥልቀት የለውም» ብለው ደጋፊዎቹን አንድ በአንድ ፋቋቸው። የዛሬ ኮምፒውተር ፍቆ ብቻ መች ይተዋል? የተፋቀውንም ራሱ ይሞላዋል። ሜዳውን አደበዘዙና ከእግሯ ሥር ጥላ ጨመሩላት። «እነሱ ከሌሉማ ትወድቃለች» ብላቸው፣ «ፎቶ ውስጥ ያለች ላም ትወድቃለች እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ሰው ሰው እንዲሸት ተብሎ ኦቦ አህመዶም ለስብሰባው ተጠርተው ከኋላ ተቀመጡ። ላሚቱ ተንሳፋ መጥታ ግድግዳው መሃል ቀጥ ብላ ቆመች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ይቺማ ከሳች እንጂ ደህና ቆማለች። መኖው ከብቱ ወደተኛበት ወደ ቦኬ ወረዳ ይሂድ፤ ሚኤሶ ለሚቀጥለው ዙር ይቆየን» አሉ። ላስረዳ ብነሳ «አንተ ጨርሰሃል፣ ግሩም ነው!» ብለው አስቀመጡኝ። የቦኬ ከብትም ተርቧል፤ ምን ብዬ ልመቀኘው?

ስንወጣ ኦቦ አህመዶ እጄን ያዙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ወላሂ ላሚቱ የኔ ናት፤ ቀንዷን አውቃለሁ» አሉ። «እኛ ግን የት ሄድን?»

አለቃዬ ለማሳመር ብለው ከፎቶው እንዳወጧቸው ነገርኳቸው። እጄን ለቀቁኝ።

«ላሚቱን ያለ ደጋፊ የሚያቆም ሰው ካላችሁማ» አሉኝ፣ «ነገ ጠዋት ሚኤሶ ላኩልን። እኛ ደክሞናል።»