አንገትና ደረት የሚጋጠሙበት

የጊታር አድማጭ ስለ ተጫዋቹ ምቾት አያስብም። ምን በወጣው! እናንተ ዳስ ውስጥ ቁጭ ትላላችሁ፤ ክሩ ሲያለቅስ ትተክዛላችሁ፣ ሲፈነድቅ እስክስታ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ጠላ ቅዱልን ትላላችሁ። የተጫዋቹ መዳፍ ከጊታሩ ጀርባ ምን እንደሚያጋጥመው ማን ጠይቆ ያውቃል? እኔም ኦርጋን ተጫዋች ስለሆንኩ የሚቆረቁረኝ ነገር አልነበረም። የኤሌክትሪክ ጊታር አንገት ከደረቱ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ራሱን የቻለ ጉድ መሆኑን ያወቅሁት፣ አበጀ፣ ወረታ ከተማ ያለውን የሠርግ ባንዳችንን ሲቀላቀል ነው።

አበጀ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። ይህን የምነግራችሁ ሌሎች ጉዳዬ ስላሉት እንጂ እኛ ባንድ ውስጥ ጉዳያችን አልነበረም። ጊታሩ የባንዱ ባለቤት የጋሽ ሞላ ነው። ርካሽ ዕቃ ነው፤ አንገቱ በብሎን ከደረቱ ጋር ተጠፍሮ፣ ከጀርባው እንደ ጡብ ጥግ የሾለ የእንጨት ማዕዘንና ጠፍጣፋ ብረት ተለጥፎበታል። ወፍራሙን ድምፅ ሲጫወቱበት ደህና ነው። ቀጭኑን ፍለጋ እጅ ወደ ደረቱ ሲጠጋ ግን ያ ማዕዘን መዳፍን ይወጋል፤ አውራ ጣት መቆሚያ ያጣል። ዘፈኑ ጣራ ሲነካ፣ ሰዉ እጁን ሲያነሳ፣ አበጀ ፊቱን ያጨማድዳል። “ውይ፣ እንዴት ከልቡ ነው የሚጫወተው!” ይባላል።

ሕመም ነበር።

በዐቢይ ጾም፣ ሠርግ በሌለበት፣ ጋሽ ሞላን አስፈቅዶ ጊታሩን ወደ አባቱ ቤት ወሰደው። እኔም አብሬው ዋልኩ። ብሎኖቹን ፈታ፣ አንገቱን አወጣ፣ ማዕዘኑን በሞረድ ይበላው ጀመር። ትንሽ ይሞርድና መልሶ ገጥሞ በመዳፉ ይዳስሳል፤ ደግሞ ይፈታል።

“ብዙ ከበላሁት ብሎኑ የሚይዘው እንጨት ያጣል” አለኝ፤ “ከፈራሁት ደግሞ ያው መውጋቱ ነው።”

ጠፍጣፋውን ብረት አባቱ አግለው ጥጉን አዞሩለት። ሲያልቅ ማዕዘኑ ጠፍቶ በቦታው እንደ ሕፃን ተረከዝ የለሰለሰ ጉብታ ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ለሠርግ ተጠራን። አበጀ እንዲያ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። እጁ ሽቅብ ወጥቶ እዚያው ሰፈረ፤ መጨማደድ የለ፣ ይስቅ ነበር እንጂ። ዳሱ በአንድ እግሩ ቆመ። ምሳ ሲደርስ የሙሽራው አባት አያ ይርዳው መጥተው እጁን ጨበጡት።

“ተባረክ የኔ ልጅ! ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?”

አበጀ የአባቱን ስም ተናገረ።

“የትኛው? ወረታ ከተማ ማጭድ የሚሠራው?”

“አዎ፣ እሳቸው ናቸው።”

እጁን ለቀቁት። ቀስ ብለው ነው የለቀቁት፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ለባንዱ አንድ ገበታ ቀርቦ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ለአበጀ ብቻ በሌላ ሳህን፣ ዳሱ ደጃፍ ላይ መጣለት። የሙሽሪት ፊት በነጠላ ተሸፈነ። የአበጀን ዓይን ፈርተው ነው። ሙሉ ጠዋት በዚያው ዓይን ፊት ሲጨፍሩ ምንም አልነካቸውም ነበር!

ሳህኔን ይዤ ከጎኑ ተቀመጥኩ። አበጀ አንድ ጉርሻ አልቀመሰም።

“ብላ እንጂ” አልኩት።

“አንተ ብላ። እኔ ስጎርስ ያዩኛል።”

ከሰዓትም ተጫወተ። ሰዉ ጨፈረለት፤ ፊቱን ግን ከእሱ ወደ እኔ አዙሮ።

በሳምንቱ ጋሽ ሞላ ጠሩን። “ልጁን እወደዋለሁ” አሉ፣ እሱ እዚያው ቆሞ። “ግን ሠርገኛው ሁሉ ‘ያ ልጅ ካለ ይቅርብን’ እያለኝ ነው። ምን ላድርግ? እኔ አይደለሁም፣ ሰው ነው።”

ይህ “ሰው” የሚባለው የት ሰፈር እንደሚኖር ብታውቁ ንገሩኝ። አያ ይርዳውን ብትጠይቋቸውም ወደ እሱ እንደሚልኳችሁ እወራረዳለሁ። እኔ ተከራከርኩ፤ ተከራክሬ ቀረሁ። አበጀ ግን ጊታሩን ከነማንገቻው አስረክቦ ወጣ።

በምትኩ ከባሕር ዳር ናሆም የሚባል ልጅ መጣ። ጊታሩን አንጠልጥሎ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲወጣ ዓይኑ ፈጠጠ።

“ይሄን ማነው የሠራው? እጄን እኮ ምንም አይነካውም! የራሴንም ማሠራት አለብኝ።”

ጋሽ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ክረምቱ አልፎ የሩዝ አጨዳ ሲቃረብ ናሆምን ከነጊታሩ እኔው ወሰድኩት፤ ወደ ማን እንደምወስደው ግን አልነገርኩትም።

አበጀ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ማጭድ ይስል ነበር። ሰላምታ ሰጠን፣ የናሆምን ጊታር ተቀበለ። “እስቲ እጅህን አምጣ” አለና መዳፉን መጋጠሚያው ላይ አስቀምጦ የሚወጋውን ቦታ በከሰል ምልክት አደረገበት። ከዚያ ሞረዱን አነሳ። ስንጠብቅ ዋልን።

ናሆም ተቀምጦ ሲሞክረው ደስታው ልክ አጣ። “አንተ ሰው፣ ራስህ ጊታር ትጫወታለህ እንዴ?”

አበጀ የእንጨት ብናኙን ከጭኑ አራገፈ። “ለእጅህ ተመቸ?”

“በጣም እንጂ!”

“እንግዲያው ሂድ፣ ሠርገኞቹ እንዳይጠብቁህ።”

ሄድን።