ንጹሑ ላይ የታረመች ጳጉሜ

ስህተቱን የነገሩት ሰው ይቆጣል፤ ሳይነግሩት ያረሙለት ደግሞ ራሱን አዋቂ አድርጎ ይኖራል። እኔ፣ ምን ላድርግ፣ ከሁለተኞቹ ነበርኩ።

በደርግ ማብቂያ ግድም ነው። ጳጉሜ ከሌለበት አገር አምስት ዓመት ተምሬ ጎንደር ስመለስ መሬት ጠቦኝ ነበር። ለአንድ ክሊኒክ ቀጠሮ የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፍኩ። ሁለት ፋይል አለው፣ ረቂቅና ንጹሕ፤ ረቂቁ ላይ በአጭሩ የጻፍኩትን ኮምፒውተሩ ዘርግቶ ንጹሕ ያወጣል፤ ንጹሑን ደግሞ ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጣል። ግራ አይግባችሁ። አለቃ ረቂቁ ላይ «እንደተለመደው» ብሎ የሚያልፈውን የአብዮት መፈክር ታይፒስት ሙሉውን ትዘረጋው የለ? ያው ነው።

ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሱት እትዬ ዘነቡ የኖሩት በታይፒስትነት ነው። ስህተት ሲያዩ የሚያርሙት ጽሑፉ የሚባዛበትን ስቴንስል ነው እንጂ የአለቃን ረቂቅ አይነኩም።

አንድ የነሐሴ ቀትር ላይ ረቂቄን ነካክቼ ንጹሑን እንደገና አወጣሁት። ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘነቡ የአንድ ቀጠሮ ወረቀት ቀሪ ቅጂ ይዘው ጮኹ።

«አያ ደሴ አምስት ቀን ያለ መድኃኒት ሊቀር ነው!»

አያ ደሴ ከመካነ ብርሃን የመጡ የሳንባ ሕመምተኛ ናቸው፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በሽታው ይብስባቸዋል። የተሰጣቸው የአሥራ አምስት ቀን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀጠሮ ግን ሃያ ቀን ይርቃል። ፕሮግራሜ ከነሐሴ ሠላሳ በቀጥታ መስከረም ገብቷል። ጳጉሜን ረስቻታለሁ!

መናኸሪያ ድረስ ሮጥን። አያ ደሴ የተሳፈሩበት የደባርቁ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። እትዬ ዘነቡ በመስኮት ወረቀቱን ተቀብለው በእጃቸው አረሙት።

«ሸጋ!» አሉ አያ ደሴ። «እኔማ ጳጉሜንም የወረሷት መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ስንመለስ እትዬ ዘነቡ ተናዘዙ። «በየማለዳው ጳጉሜን ንጹሑ ላይ አስገባታለሁ፤ አንተ ስትነካካው ትጠፋለች። ማሽኑ ይረሳል መሰል።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝም?»

«ያፍራል ብዬ ነዋ፣ ልጄ።»

አፈርኩ። ደግሞም ወደድኳቸው።

የዚያኑ ዕለት ማምሻውን ጳጉሜን ረቂቁ ላይ አስገባኋት። በማግስቱ እትዬ ዘነቡ ንጹሑን ከፍተው ቢያዩ ጳጉሜ እዚያው አለች። እልልታቸው ክሊኒኩን ሞላው።

«ማሽኑ ለመደ!»

ማሽን አይለምድም፣ የሚታረመው ረቂቁ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ሳያሳፍሩ የማረም ተራው የእኔ ነበር።