ፈርሷል የተባለው ቤታችን

ከዓይኑ ይልቅ መዝገቡን የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። የቀበሌያችን የቤቶች ኃላፊ ነው፤ ጓድ ደምሴ ይባላል።

ቀጨኔ ያለው የቀበሌ ቤታችን የጓሮ ግድግዳው ወደ ውስጥ ከዘመመ ሁለት ክረምት አለፈው። ከሥሩ የምንተኛው እኔና ታናሽ እህቴ ነን። ያለ ቀበሌ ፈቃድ ደግሞ ምስማር መምታት እንኳ ክልክል ነው። እናቴ ስታመለክት ከርማ፣ አንድ ጭጋጋማ ጠዋት ጓድ ደምሴ መዝገቡን ታቅፎ መጣ። በራችን ላይ ቆሞ ገለጠው።

«ይግቡ እንጂ» አለች እናቴ።

«የት ልግባ? ይህ ቤት እኮ አምና ፈርሷል።»

«እኛስ ታዲያ?»

ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደ። «ነዋሪ የለውም ይላል።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ዓይኑ እኛ ላይ አላረፈም። መስኮት የሆንን ይመስል በእኛ አሳልፎ የዘመመውን ግድግዳ አየ። እህቴ ቀስ ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እንዳመመኝ ስታይ ትንፋሿ ተመለሰ።

እናቴ ግን አሰብ አደረገችና «ለፈረሰ ቤት ፈቃድ ይጠየቃል?» አለችው።

«ለሌለ ቤት የምን ፈቃድ?» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ጎረቤቶቻችን ከእንጦጦ የወረደ የባሕር ዛፍ ግንድ ይዘው መጡ። ግድግዳው ተቃንቶ ተደገፈ፤ ጭቃውም በአዲስ ተመረገ። አመሻሽ ላይ ጓድ ደምሴ በደጃችን ሲያልፍ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ «እንደምን ዋሉ ጓድ?» አልኩት።

ክው ብሎ ቆመ። ዓይኔን ትክ ብሎ አየ። ከዚያ ያ ለአብዮቱ የሚምል ሰውዬ ማንም አላየኝም ብሎ ፈጥኖ አማተበ።