የዳይፐር ቦርሳ ውስጥ የደበቅኩት ስልክ

እናንተዬ፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ከነገ ጀምሮ እኔን ወክላችሁ ታፍራላችሁ። እኔማ መስታወት ፊት መቆም ትቻለሁ።

ተቀመጡና አንብቡ። የሚስቅ ካለ ግን ብሎክ ነው!

ለማታውቁኝ፣ እኔና ባለቤቴ ታምራት እዚህ በስደት አገራችን፣ ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ ስፓዛ ሱቅ አለን። ዳቦ፣ ወተት፣ ሻማ፣ ኤርታይም የምንሸጥባት ጠባብ ሱቅ። ልጃችን ፌቨን በሎክዳውን ተወልዳ ካውንተር ስር ያደገች ናት። እናቴ ከሆሳዕና መጥታ ልታርሰኝ ትኬት ስንፈልግ ኤርፖርቱ ተዘጋ። በቪዲዮ ኮል አረሰችኝ!

የፌቨን አልጋ የቺፕስ ካርቶን ነበር። እዚያ ውስጥ ትተኛለች፣ እኔ ከላይዋ እሸጣለሁ። ሰላም ነበርን።

ከዚያ መዳህ ጀመረች።

ባለፈው ወር ለአንድ ደንበኛ ስኳር ላቀብል ዞር ስል፣ ልጅቷ በረኪናው ጋ ደርሳ ክዳኑን በድዷ ስታኝከው አገኘኋት። ክዳኑ ጠብቆ ባይዘጋ ኖሮ ዛሬ ይሄን ፖስት አልጽፍም ነበር። ደንበኛው ስኳሩን ይዞ ቆሞ እያየኝ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለዚህ ክሬሽ መፈለግ ግድ ሆነ። የሕፃናት ማቆያውን እዚህ ክሬሽ ነው የሚሉት።

የቸርች ሴቶች ግሩፕ ላይ ጠየቅኩ። አቤት የመጣው ቮይስ ኖት! አንዷ "እዚያኛው ጋ እንዳትወስጃት፣ ግቢው ውስጥ ውሻ አለ" ትላለች። ሌላዋ "የኔን ልጅ ቀኑን ሙሉ ቲቪ ፊት ነበር የሚያስቀምጡት" ትላለች። እንቅልፍ የነሳኝ ግን የአንዲት እህት መልእክት ነው። "አንዳንዶቹ እኮ ሕፃን እንዲተኛላቸው የሳል ሽሮፕ ያጠጣሉ" አለች፣ ተረጋግታ!

ሽሮፕ! ይቺ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ ተደላድላ ተቀመጠች።

ብዙ ዞረን መጨረሻ ላይ ማማ ኖምሳን አገኘን። ክሬሿ ከሱቃችን ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። አጥሩ ደህና፣ ግቢው የተጠረገ፣ ፈቃዱ በሩ ላይ የተለጠፈ። ወተቱን ማን ያሞቃል፣ ሲተኙ ማን ያያቸዋል፣ አንድ ሞግዚት ስንት ልጅ ትይዛለች፣ የጠየቅኳትን ሁሉ ሳትሰለች መለሰችልኝ።

ችግሩ ኮቪድ ነው። ወላጅ ከበሩ አያልፍም። መሬቱ ላይ ቢጫ ቴፕ ተለጥፏል፣ እዚያ ትቆማላችሁ። የልጃችሁ ግንባር ላይ ቴርሞሜትር ይደገናል፣ ሳኒታይዘር ይረጫል፣ ልጃችሁ ትወሰዳለች፣ በሩ ይዘጋል። አበቃ።

የማማ ኖምሳን ፊት እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር። ከማስኩ በላይ ያሉት ሁለት ዓይኖቿ ብቻ። እስቲ አስቡት! ዳቦ የሚያመጣልንን ሰውዬ ፊት ገና ከኮቪድ በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ልጄን የምሰጣትን ሴትዮ ፊት አላውቅም።

እና ምን አደረግኩ?

ሰለልኩ።

የታምራት አሮጌ ስልክ፣ ያ ስክሪኑ የተሰነጠቀው፣ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ዛሬ የፌቨን የመጀመሪያ የክሬሽ ቀን ነው፤ ጠዋት ስልኩን ቻርጅ አደረግኩት፣ ዳታ ሞላሁለት። ክሬሹ ጋ ስንደርስ ከስልኬ ደወልኩለት፣ ራሴው አነሳሁትና የፌቨን ቦርሳ ውስጥ ከዳይፐሮቹ ስር ቀበርኩት። ትንሽ አፏጨ። ሁለት ዳይፐር ደረብኩበት፣ ዝም አለ። ጎበዝ ሰላይ!

ልጄን አስረከብኩ፣ ቦርሳውን አስረከብኩ። "ንጊያቦንጋ ማማ" ብዬ አመሰገንኩና ኢርፎኔን በአንድ ጆሮዬ ሰክቼ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

የጠዋት ሱቅ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ታምራት ዕቃ ሊያመጣ ፎርድስበርግ ሄዷል፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ፍርግርጉ ላይ ሰልፍ ነው። በአንድ ጆሮዬ "ግማሽ ዳቦ!" በሌላው ጆሮዬ የልጄ ለቅሶ። አንጀቴን በላችው።

ግን ሥራ ሥራ ነው። "ነክስት! ዝርዝር የለኝም፣ በማስቲካ ውሰድ! አንተ፣ ማስክህን ከፍ አድርግ! ነክስት!" ስሸጥ ድምፄ ሰፈሩን ያናውጠዋል። ተፈጥሮዬ ነው፣ ምን ላድርግ?

በመሀል ጆሮዬ ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴት ጮኸች። ከዚያ ሩጫ። ከዚያ ዳይፐር ሲገለባበጥ። ወዲያው ድምፁ ጥርት ብሎ መሰማት ጀመረ።

"ኔትዎርኩ ተስተካከለ" አልኩ። ደስ አለኝ!

ብዙም ሳይቆይ የፌቨን ለቅሶ ቀጥ አለ።

ይቺ ልጅ ከእኔ በቀር ለማንም ተኝታ አታውቅም። ለአባቷ እንኳ! አሁን አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ "ተኛች፣ ተኛች" እያለች ስታንሾካሹክ እሰማለሁ። ከዚያ የታፈነ ሳቅ።

ሽሮፕ!!!

ጎጎ ግሬስ የሚባሉ አሮጊት ደንበኛ አሉን። ጠዋት ጠዋት ሱቃችን ፊት የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁ። ሌላ ሰው ስላልነበረ በሳቸው ላይ ፈነዳሁ።

"ጎጎ! ልጄን ሽሮፕ አጠጧት!"

"ማን ነው ያጠጣት?"

"ያቺ የክሬሿ ሴትዮ! በዓይኗ ብቻ የምትስቀዋ! ከማስኩ ስር ጥርስ ይኑራት አይኑራት እንኳ አላውቅም! ልጄን አደንዝዛ አስተኝታ ትስቅባታለች!"

"ኖምሳ?" አሉ ጎጎ፣ ረጋ ብለው። "ኖምሳ እኮ የኔንም የልጅ ልጆች ይዛልኛለች። አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ፣ ውሃ ጠጪ።"

መስሚያዬ ጥጥ ነው! ቁልፉን አነሳሁ። ሱቁን ዘግቼ ልሮጥ ነው። ቁልፉ ግን ከቀዳዳው አልገናኝ አለኝ። እዚያው ቆሜ ጸለይኩ። እኛ ደግሞ ስንጸልይ በሹክሹክታ አይደለም። "ጌታ ሆይ ልጄን ጠብቃት! በኢየሱስ ስም! አሜን!"

ጆሮዬ ውስጥ "አሜን!" አሉ።

ብዙ ትንንሽ ድምፆች፣ በአንድ ላይ።

ክው አልኩ። ለካ እነሱም ጸሎት ላይ ናቸው! በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንፈስ! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ግማሹ ልቤ ወዲያው ተረጋጋ። ግማሹ ግን "ሽሮፑን ከሰጧት በኋላ ቢሆንስ የሚጸልዩት?" አለኝ።

ታምራት ዕቃ የጫነበትን ባኪ መኪና አቁሞ የገባው ይሄኔ ነው። ታምራት ማለት ቤት ቢቃጠል ጫማውን አስሮ የሚወጣ ሰው ነው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ክሬሹን፣ ስልኩን፣ ሽሮፑን፣ አሜኑን።

"የትኛውን ስልክ?" አለ።

"አሮጌውን።"

ጭንቅላቱን አከከ።

"እሱ እኮ የጆሮው ድምፅ ከሞተ ቆየ። ስፒከር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው።"

"እና?"

"እናማ አንቺ እነሱን ስትሰሚ፣ እነሱም አንቺን እየሰሙሽ ነው። ጮክ ብሎ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

የሴትዮዋ ጩኸት ለካ የሕፃን ቦርሳ "ነክስት!" ብሎ ሲጮህባት ነው። ድምፁ የጠራው ስልኩን ከዳይፐር ስር ስላወጡት ነው። አሜኑም ለእኔው ጸሎት ነው። ማማ ኖምሳ ሽሮፑን ሰምታለች። ጥርሱን ሰምታለች። ለጎጎ የተናገርኩት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው! በሕይወቴ በአማርኛ ሳማ ኖሬ፣ ምነው ዛሬን?!

ስልኩን ዘጋሁት። ጥፍሬን መብላት ጀመርኩ።

ወዲያው ማማ ኖምሳ ደወለች። ነገ ልጅሽን አታምጪ ልትለኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

"ሲሲ፣ ለምን ዘጋሽው?"

"እ... ማማ..."

"ልጅሽ ነቃችብኝ። መልሰሽ ደውይ።"

"ምን?"

"ጠዋት ስታለቅስ ያላደረግነው የለም። አዘልናት፣ ዘፈንንላት። እምቢ። ቦርሳሽ መጮህ ሲጀምር ግን ዝም ብላ ማዳመጥ ጀመረች። ስልኩን አጠገቧ አስቀመጥነው፣ ተኛች። አሁን እባክሽ ዳቦሽን ሽጪ።"

ካውንተር ስር ያደገች ልጅ! የሷ እሹሩሩ የእኔ ጩኸት ነው። ሆዷ ውስጥ ገብቼ ሽሮፕ ስፈልግ፣ ለካ ሽሮፑ እኔው ነኝ።

ደወልኩ። ግን ሰልፉ አልቋል! ፍርግርጉ ላይ ማንም የለም። ጎጎ ግሬስም ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ቤታቸው ገብተዋል። በስልኩ ልጄ ታለቅሳለች፣ እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ለባዶ ሱቅ መጮህ አቃተኝ።

ታምራት ቀስ ብሎ ወጣ። በውጭ ዞሮ ፍርግርጉ ላይ ቆመ። ማስኩን አስተካከለ።

"ዳቦ አለ?" አለኝ።

"ነጭ ነው ቡኒ?"

"ነጭ። ግን ትናንት በቅናሽ ሰጥተሽኝ ነበር።"

"እኔ? ለአንተ? በቅናሽ? አይተኸኝም አታውቅም! ካልተመቸህ ሌላ ሱቅ ሂድ! ነክስት!"

"ከኋላዬ ማንም የለም እኮ።"

"ነክስት አልኩ!"

ልጄ ዝም አለች። አንድ እውነተኛ ደንበኛ ከሩቅ ቆሞ አየንና፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ መግባት አልፈለገም መሰል፣ ሳይገዛ ተመለሰ። እኔ እየሳቅኩ እንባዬ ወረደ። ሰውዬውን ወደድኩት፣ ባለቤቴን ማለቴ ነው።

ከሰዓት በኋላ ልወስዳት ሄድኩ። መንገዱ እንዲረዝምልኝ ጸለይኩ፣ በልቤ! ጮክ ብሎ መጸለይን ለጊዜው አቁሜያለሁ።

ቢጫው ቴፕ ላይ ቆምኩ። ማማ ኖምሳ ፌቨንን ታቅፋ ወጣች።

"ሽሮፕ አልሰጠኋትም" አለችኝ።

"ይቅርታ ማማ" አልኩ። ማስክ ግማሽ ሀፍረት እንደሚሸፍን ዛሬ ገባኝ።

ልጄን ሰጠችኝ። ዳይፐሯ ደረቅ፣ ፊቷ የታጠበ። አፏን አሸተትኩ። አዎ፣ ሴትዮዋ እያየችኝ አሸተትኩ! ዱባ ዱባ ይላል። እናት ነኝ፣ ምን ታደርጉኛላችሁ?

ማማ ኖምሳ ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች።

"ጥርስ እንዳለኝ ማወቅ ፈልገሽ ነበር አይደል? እዪ።"

ፊት ለፊት ፍንጭት ናት። ከዓይኗ ገምቼ ከነበረው በዕድሜ ትበልጣለች፣ እናቴን ልታክል ምንም አይቀራትም።

"ልጅሽን ይዞ የሚውለው ፊት ይሄ ነው" አለች። "ማየት መብትሽ ነው። ብትጠይቂኝ ኖሮ ልትመዘግቢያት የመጣሽ ቀን አሳይሽ ነበር። ስልኩንም እኔው እደውልልሽ ነበር።"

እኔም ማስኬን አወረድኩ። ቢጫው ቴፕ በመሀላችን፣ ሁለታችንም ቆመን ተያየን። አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። ከተወለደች ጀምሮ ልጄን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ገና ሰጠሁ።

"ስልኩን ስጪኝ" አልኳት። "ከነገ ጀምሮ ቤት ይቀመጣል። አምኜሻለሁ።"

ከልቤ ነበር! ትልቅ ንግግር ያደረግኩ መስሎኝ ነበር!

"ምን ነካሽ?" አለችኝ። "ቻርጅ አድርገሽ አምጪው። ያንቺዋ ብቻ መሰለችሽ? ክፍሉ በሙሉ ነው የተኛልኝ።"

እና የዛሬው ትምህርት ምንድነው? ስንት ሳምንት ሙሉ ሰው ስመረምር ቆይቼ፣ በአንድ ጠዋት ራሴ ተመርምሬ ወጣሁ። የልጄ ነገርስ አለቀ፣ በሰላም ትውላለች። አሁን የጨነቀኝ የራሴ ነገር ነው።

ክፍል ሙሉ ሕፃንና ማማ ኖምሳ እያዳመጡኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ማንንም ሳላማ እንዴት ነው ሱቅ የምውለው? እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፣ እናንተ ትችላላችሁ?