«የሆቴሉ ስም እዚህ ይጻፍ»

(ላሊበላ። አዲስ የእንግዳ ማረፊያ። ባለቤቱ ጋሽ አረጋ ጋቢያቸውን ደርበው ኮምፒዩተሩ ላይ አፍጥጠዋል። የእኅታቸው ልጅ ኢያቄም ኪቦርዱን ይቀጠቅጣል።)

አረጋ፦ እኔ አላውቅም! ቤቴ «የሆቴሉ ስም እዚህ ይጻፍ» አይባልም!

ኢያቄም፦ እሱ ናሙና ነው፣ ጋሼ። ትክክለኛውን ስም አስገብቻለሁ።

አረጋ፦ የት? ድረ ገጹ ላይ የለም።

ኢያቄም፦ ድረ ገጹ ላይማ አይጻፍም። ፕሮግራሙ ጃቫ በሚሉት የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፈ ነው። ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ ከፕሮግራሙ ውጭ፣ ለብቻው ፕሮፐርቲስ በሚባል የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ከዚያ ያነባል።

አረጋ፦ ለምን ውጭ?

ኢያቄም፦ ነገ ስልክ ቢቀይሩ ፕሮግራሙን አፍርሼ እንዳልሠራ ነዋ!

አረጋ፦ ታዲያ ያንብበዋ!

ኢያቄም፦ እምቢ አለኝ እኮ።

አረጋ፦ አትቆጣው። እኔም ፊደል የቆጠርሁት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ነው። ቀስ እያልህ አስተምረው።

ኢያቄም፦ ጋሼ፣ ይኼ የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ ተዉልኝ።

አረጋ፦ አስጎብኚዋ ዘነቡ የአዲስ አበባዎቹን እንግዶች ይዛ ጋሸና ከተማ ምሳ ላይ ናት። ከዚያው ሆነው ማረፊያ በስልካቸው ይመርጣሉ። ቤቱን ከከፈትሁ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ስም በሌለው ቤት ማን ያድራል?

ኢያቄም፦ (በንዴት እየጻፈ) ቆይ! ስም በሚለው ላይ «የፍየል በረት» አልሁት። አስቀመጥሁ። ገጹን አደስሁ። አዩ? አሁንም ያው ነው!

አረጋ፦ ቤቴን በረት አልኸው?

ኢያቄም፦ ለሙከራ ነው። ማንም አያየውም።

አረጋ፦ እንግዲያስ መብራት ሳይሄድ ስልኬን ልሙላ።

(ጎንበስ ብለው ግድግዳው ላይ የተሰካውን ገመድ ነቅለው የራሳቸውን ይሰካሉ። ስክሪኑ ይጨልማል።)

ኢያቄም፦ ኧረ ጋሼ! ኮምፒዩተሩን ነቀሉት!

አረጋ፦ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ አልነበር?

(ኢያቄም መልሶ ይሰካል። ኮምፒዩተሩ እያጓራ ይነሣል፤ ፕሮግራሙም አብሮ።)

ኢያቄም፦ (ግንባሩን መትቶ) ለካ ፋይሉን የሚያነበው ሲነሣ ብቻ ነው! አጥፍቼ ማስነሣት ነበረብኝ!

አረጋ፦ (ደረታቸውን ነፍተው) እኔ ጠገንሁት በለኛ! አነበበ?

ኢያቄም፦ (ድምፁን ቀንሶ) አነበበ... መጨረሻ የጻፍሁትን።

(አረጋ መነጽራቸውን ያስተካክላሉ። በትልልቅ ፊደል፦ «የፍየል በረት»። ስልካቸው ይጮኻል።)

አረጋ፦ ጉድ ፈላ! አቤት ዘነቡ... አዎ፣ የእኛው ነው... ምን?... ሁሉም?... (ስልኩን ይዘጋሉ።)

ኢያቄም፦ ቀሩ?

አረጋ፦ እየመጡ ነው። ሆቴል ሰልችቶናል፣ ፍየል ባለበት ነው የምናድር ብለዋል።

ኢያቄም፦ ወይኔ! አሁኑኑ ስሙን ላስተካክል!

አረጋ፦ እጅህን አንሣ! አንዲት ፊደል እንዳትነካ!

ኢያቄም፦ አንድ ፍየል እንኳ የለንም እኮ!

አረጋ፦ ከብልባላ ገበያ ፍየሎቹ ሳይሸጡለት የሚመለስ አይጠፋም። መንገድ ላይ ቁምና ለምነህ አምጣ።

ኢያቄም፦ ፍየሎቹ የት ሊያድሩ?

አረጋ፦ አንተ ክፍል።

ኢያቄም፦ እኔስ?

አረጋ፦ አንተማ እንደ ፋይልህ ነህ፤ ውጭ፣ ለብቻህ ትቀመጣለህ።