የጋሽ አብዱልመናን ሁለተኛ ጉርሻ

ሐበሻ መኪናውን አቁሞ በሚያወራበት ቦታ ሁሉ መንግሥት የሚጠግን አንድ ሰው አይጠፋም። ጎማ የሚጠግን ልታጡ ትችላላችሁ፤ መንግሥት የሚጠግን ግን አታጡም። የኦክላንዱ ጋሽ አብዱልመናን ይባላሉ። ቀን ቀን ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳሉ፤ በተረፋቸው ሰዓት የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያሻሽላሉ። «ክቡር አፈ ጉባኤ» እያልን እንቀልድባቸዋለን። እሳቸው ቀልዱን እንደ ሹመት ተቀብለውታል።

የክቡርነታቸው ትምህርት በአጭሩ፣ «ችግሩ ሰውየው አይደለም፤ አመራረጡ ነው» የሚል ነው። አላጠርኩትም፤ እሳቸው ናቸው የሚያረዝሙት። «ጫማ ቤት ገብተሽ ሁለት ጫማ ብቻ ቢያሳዩሽ፣ አንዱ ቢጠብሽ ሌላው ቢሰፋሽ፣ ምን ታደርጊያለሽ? የጠበበሽን ትገዢና ዕድሜ ልክሽን የሰፊውን ክፋት ስታወሪ ትኖሪያለሽ። ሁለት ፓርቲ ማለት ይሄ ነው።»

በዲቪ የመጣች ዘመዴን ከኤርፖርት ወደ ዳሊ ሲቲ እንዲያደርሱልኝ ለምኛቸው ነበር። ስለ ሴኔት እያስረዱ መውጫውን አለፉት፤ ልጅቷ ሳን ሆዜን አይታ ተመለሰች። «ዳሊ ሲቲ ሩቅ መስሎኝ ነበር» አለችኝ፣ «ለካ ሩቁ ሴኔቱ ነው።»

ሌይላን የወለድኩ ጊዜም ሆስፒታል መጥተው ጠየቁኝ። አቀፏት፣ ዱዓ አደረጉላት፣ ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

«ምነው ጋሼ?»

«ይህች ልጅ ከኛ እኩል ሁለት ሴናተር ባላት፣ ሕዝቧ ግን እፍኝ በሆነው ዋዮሚንግ ብትወለድ ኖሮ ለሴኔት የምትሰጠው ድምፅ ስንት እጥፍ ይከብድ ነበር» አሉኝ።

ነርሷ ገና አልመዘነቻትም ነበር። እሳቸው ቀድመው መዘኗት፤ ቀለለችባቸው።

አብሯቸው የሚነዳው ኡስማን ሁልጊዜ ይነካካቸዋል። «ጋሼ፣ በግሪን ካርድ ነው እንዴ ሕገ መንግሥት የሚያሻሽሉት? መጀመሪያ ዜግነቱን ይውሰዱ እንጂ።»

«አንተ ቤት ስትገዛ ሳታስፈትሽ ነው የምትፈርመው?» ይሉታል።

እንዲህ ስንስቅባቸው ኖረን፣ ነገሩ የኛኑ በር አንኳኳ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን አማርኛ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድር ማኅበር አለን። የኦክላንድና የሳን ሆዜ ሰዎች አንድ ላይ ያቋቋሙት ስለሆነ፣ ወገኑ ሁለት ነው። ኦክላንዶች ሊቀ መንበሩ አቶ ክንፉ ይሁን ይላሉ፤ ሳን ሆዜዎች ወይዘሮ ወይንሸት ትሁን ይላሉ። የተሸነፈው ወገን ኮቱን አንስቶ ውልቅ ይላል፤ ምልዓተ ጉባኤው ሲጎድል ምርጫውም በደንቡ መሠረት ይፈርሳል። ሁለት ስብሰባ እንዲህ ፈረሰ። አዳራሹን የሚያከራየን ሰውዬ ታዲያ፣ «ሰኞ ሊዙን የሚፈርም ሊቀ መንበር ካላመጣችሁ ለሌላ ሰው አከራያለሁ» አለን።

ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሌይላን ሳምንቱን ሙሉ በአማርኛ አናግሬያት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ቅዳሜ ከዚያ ትምህርት ቤት ስትወጣ ግን አፏ ይፈታል፤ መኪና ውስጥ የማታወራው የለም። እሱ ከተዘጋ ልጄና እኔ በአስተርጓሚ ልንነጋገር ነው።

እሑድ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበሰብን፤ ሌይላንም ይዣት ሄድኩ። እኛ እናቶች ሦስተኛ ሰው አቀረብን፤ ሚልፒታስ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራውን ሙስጠፋን። ከማንም ወገን የሌለ፣ ማንንም ያላስቀየመ ሰው ነው።

ኡስማን ወዲያው ጆሮዬ ስር መጣ። «ነጃት፣ ለሙስጠፋ ከሰጠሽ ድምፅሽን አባከንሽ። የምትገባው ወይንሸት ናት።»

በሌላ ጎኔ ከሳን ሆዜ የመጣችው ያለምዘውድ አለች። «የኔ እህት፣ ሙስጠፋን መረጥሽ ማለት ክንፉን አስገባሽ ማለት ነው።»

አንድ ምስኪን ሰው ሁለቱንም እንዴት እንደሚያስገባ ሳሰላ፣ ጋሽ አብዱልመናን ተነሡ።

«ደረሰባችሁ አይደል?» አሉ። «የምታስፈራሩት ሙስጠፋ ክፉ ስለሆነ ነው? አይደለም። ችግሩ ሰውየው አይደለም፤ አመራረጡ ነው። ሦስቱንም በደረጃ ጻፉ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያላችሁ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ መጨረሻ የወጣው ይወድቅና፣ የመረጡት ሰዎች ድምፅ ወደ ሁለተኛቸው ይሻገራል። የማንም ድምፅ አይባክንም።»

ስለገባን ሳይሆን ስለደከመን፣ እሺ አልን። ክቡርነታቸው ወረቀቱን ሰብስበው አንዱን ገለጡ፣ ሌላውን ገለጡ። ሁሉም ሰው ለሦስቱም «አንደኛ» ብሎ ሰጥቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?» አለች ያለምዘውድ። «የምመርጠው ወይንሸትን ነው፤ አቶ ክንፉ ግን የልጄ የክርስትና አባት ነው። እዚህ ፊቴ ተቀምጦ ሦስተኛ ብዬው ነገ በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ?»

እንግዲህ አሜሪካ ያልቆጠረችው ሦስተኛ ፓርቲ የኛው ይሉኝታ ነው። ያለ አንድ ተቃውሞ አሸነፈ።

ጋሽ አብዱልመናን ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሰዎች ኮታቸውን ማንሳት ጀመሩ፤ በር የከፈተም ነበር።

ድንገት ከተቀመጡበት ጠየቁ። «ለመሆኑ ሐበሻ አንድ ጊዜ አጉርሶ ያቆማል?»

«ኧረ አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ አንድ አዛውንት ከኋላ።

«እንግዲያው ደረጃ የሚባለው ነገር ቀርቷል» አሉ ብድግ ብለው። «ዛሬ ማንም ሁለተኛ አይባልም። የመጀመሪያ ጉርሻችሁን ለማን፣ ሁለተኛውን ለማን፣ ሦስተኛውን ለማን እንደምትሰጡ ጻፉ። ሦስቱም በልተው ይነሣሉ።»

አዳራሹ ሳቀ። በሩን የከፈተው ሰውዬ መልሶ ዘጋው። ሁለተኛ ጉርሻ ነፍጎ የሚታማ ሐበሻ የት ይገኛል? ያለምዘውድ እንኳ ወረቀቷን በእጇ ከልላ ጻፈች።

ቆጠራው ተጀመረ። ክንፉ መራ፤ ግማሹን ግን አልሞላም። ወይንሸትና ሙስጠፋ እኩል ለእኩል ሆኑ። አንድ ወረቀት ቀረ።

ጋሽ አብዱልመናን ገለጡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አዩት።

«የመጀመሪያ ጉርሻ፣ ለአብዱልመናን» አሉ ቀስ ብለው።

«ራስዎን አጎረሱ እንዴ ጋሼ?» አለ ኡስማን።

«እኔ አልጻፍኩትም። አልተወዳደርኩምም።»

«እንግዲያው ይሄኛው ባከነ።»

«አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ነው የምነግርህ? አይባክንም።» «አብዱልመናን በአንድ ድምፅ መጨረሻ ወጥቷል፤ ወድቋል። ድምፁ ወደ ሁለተኛው ጉርሻ ይሻገራል። እሱም ለሙስጠፋ ነው።»

በዚያች አንድ ወረቀት ሙስጠፋ ወይንሸትን አለፈ፤ እሷ ወደቀች። የእሷ ሰዎች ሁለተኛ ጉርሻ ሲቆጠር ደግሞ አብዛኛው ለሙስጠፋ ሆኖ ተገኘ። ክንፉን በአንድ ትንፋሽ አልፎ ከግማሽ በላይ ሄደ።

ሁላችንም የወይንሸትን ኮት አየን። ኮቱ ወንበሩ ላይ ቀረ፤ ወይንሸት ራሷ ተነሥታ እልልታውን አቀለጠችው። «ያስገቡህ የኔ ሰዎች ናቸው፣ እንዳትረሳ» አለችው ሙስጠፋን። «የኔም ሁለተኛ ጉርሻ ያንተ ነበር» አለ ክንፉ፣ እሷን ላለማስበለጥ። ያሸነፈ ያልመሰለው ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤታችን ተረፈ።

ክቡርነታቸው ያቺን የመጨረሻ ወረቀት አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ሰዉን አንድ በአንድ ይመለከቱ ጀመር።

«የማን እጅ ጽሑፍ ነው?» አሉ።

ዓይናቸው እኔ ጋ ሊደርስ ሲል፣ የሌይላን ጃኬት ዚፕ ልዘጋላት ጎንበስ አልኩ። ጃኬት አልለበሰችም።