በፀሐይ ኮት ላይ ያየሁት የጣልያን ቁልፍ

እናንተ፣ በደርግ ጊዜ በአንድ የኮት ቁልፍ ምክንያት ምን ጉድ እንደሆንኩ ልንገራችሁ፤ ግን ኮሜንት ላይ እንዳትስቁብኝ!

እሺ፣ ሳቁ። ያኔም ቀበሌው በሙሉ ስቆብኛል።

አባቴ ቦሌ ሚካኤል ልብስ ሰፊ ነበር። በጣልያን ጊዜ የተሰፋ የወታደር ኮት ለጥገና ሲመጣለት አሮጌውን ቁልፍ ቆርጦ ለእኔ ይሰጠኛል። እኔ ደግሞ ጨርቅ ላይ በረድፍ በረድፉ ሰፍቼ አስቀምጣለሁ። የእግረኛው፣ የፈረሰኛው፣ የሾፌሩ ሳይቀር! የዛሬ ልጆች "ኮሌክሽን" ትሉታላችሁ። እናቴ "የጤና አይደለም" ነበር የምትለው።

አንድ ብቻ ጎደለኝ። የጣልያን ቅኝ ግዛት ጦር የመድፈኛ ቁልፍ። ሁለት መድፍ ተጣምሮ፣ ከላዩ ዘውድ። እውነተኛ መሆኑ የሚለየው ገልበጥ አድርገው ጀርባውን ሲያዩት ነው፤ የሠሪው ስም በጣልያንኛ ተቀርጾበታል። ጀርባው ባዶ ከሆነ፣ ዘግይቶ የተሠራ ቅጂ ነው፣ ዞር ብዬም አላየው።

ይህን ለእጮኛዬ ለመስፍን ስንቴ ነግሬዋለሁ! መስፍን አስተማሪ ነው። ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴ እሺ ብሎ፣ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ነበር። ስለ ቁልፍ ሳወራለት "እ... እሺ" ይለኛል። የሚሰማኝ መስሎኝ!

አንድ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ተጠርተን ሄድን። መቅረት የለም፤ የቀረ ስሙ ይነሳል። አጠገቤ ማን መጥታ ብትቀመጥ ጥሩ ነው? ፀሐይ! የሰፈራችን ልጅ፣ ኤርፖርት የምትሠራ፣ ማዳበሪያ ብትለብስ የሚያምርባት። አልወዳትም ነበር፣ ምን ልዋሽ?

አረንጓዴ ኮት ለብሳለች። ከቁልፎቹ ሁሉ የላይኛው ይለያል።

ጠጋ ብዬ አየሁት። ሁለት መድፍ። ዘውድ።

ቀናሁባት። ስንት ዓመት የፈለግኩትን እሷ አንገቷ ሥር ለጥፋ፣ ምን እንደሆነም ሳታውቅ፣ ማስቲካ ታኝካለች! ሊቀመንበሩ ስለ ኢምፔሪያሊዝም አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳ እኔ የቁልፉን ጀርባ ብቻ ነው የማስበው። ጽሑፍ አለው? የለውም?

መፈክር ተባለ። ሁሉም ተነስቶ ግራ እጁን አነሳ። እኔም አነሳሁ።

ቀኝ እጄ ግን የፀሐይ ኮት ላይ ነበር።

ገልበጥ ላደርገው ብቻ ነው፣ እውነቴን ነው! ክሩ ተበጠሰ። ፀሐይ ጮኸች፣ መፈክሩ መሃል ላይ ተቋረጠ፣ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየን። ቁልፉ እጄ ውስጥ ነው።

"ጓዲት፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለኝ ሊቀመንበሩ።

ፀሐይ ቀደመችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ "መስፍን ነው የሰጠኝ" አለች።

መስፍን ኋላ ቆሟል። ሕዝቡ እሱን ያያል፣ እኔን ያያል። በጥፊ እንዳልላት ሁለት ሴትዮዎች ከግራና ከቀኝ ክንዴን ያዙኝ። እኔስ ምን አልኩ መሰላችሁ?

"ሌላ አለው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ! ሊቀመንበሩ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ የልብስ ሰፊ ልጅ መሆኔን ያውቃልና፣ መርፌና ክር አስመጥቶ እዚያው ሕዝብ ፊት መልሰሽ ስፊላት አለኝ። ሰፋሁላት። ያንን ቁልፍ፣ በገዛ እጄ፣ በፀሐይ ኮት ላይ! ስሰፋ ጀርባውን አየሁት።

ጽሑፍ ነበረው።

ውጭ መስፍን ይጠብቀኛል። ቦሌ ቡልቡላ ያሉ አንድ ሽማግሌ የሰጡት ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ የእሷ ኮት ቁልፍ ጎድሎት አይቶ ሰጣት። በቃ። እኔ የምፈልገው መሆኑ ትዝ አላለውም። ይህን ከነገረኝ በኋላ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦

"በእኔ ነው የቀናሽው ወይስ በቁልፉ?"

አሰብኩ።

ማሰብ አልነበረብኝም፣ አውቃለሁ! "በአንተ ነው" ብሎ ማልቀስ ነበር፣ አለቀ። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ አሰብኩ፣ ቀና ስል መስፍን መንገድ ጀምሯል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ አልቀረም። ሙሽራዋ ብቻ ተቀየረች። ማን እንደሆነች ልንገራችሁ?

ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል አሉ። አያት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ አሉ። ይሂዱ፣ እኔን ምን አገባኝ!

ብቻ ከእናንተ መሃል የሚያውቃቸው ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ። ያ አረንጓዴ ኮት አሁንም አለ ወይ? የምጠይቀው ስለ ኮቱ ነው።

ስለ እሱ አይደለም አልኩ እኮ! ... ደህና ነው ግን?